ለአውሮፓ የሰመር ፌስቲቫል ከአዲስ አበባ ለሚወጡ ሙዚቀኞች፦ ከግብዣው ደብዳቤ እስከ መድረኩ ዝርዝር መመሪያ

ስማቸው ፖስተር ላይ ወጥቶ፣ ልምምዳቸውን ጨርሰው፣ ከቦሌ ሳይነሡ የሚቀሩ ባንዶች አሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሙዚቃው አይደለም። ልምምዱ፣ ልብሱ፣ ፎቶው፣ ቲኬቱ ይቀድምና ቪዛው መጨረሻ ላይ ይታሰባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ግን ቪዛው ነው። የጉዞው መስመር፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ የውሉ አጻጻፍ ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ይህ መመሪያ ስለ ሸንገን አገሮች ነው፤ 29 አገሮች በአንድ ቪዛ የሚገቡባቸው ማለት ነው። ብሪታንያና አየርላንድ በዚህ ውስጥ የሉም፤ የየራሳቸው ቪዛ አላቸው። አሜሪካ ደግሞ ጭራሽ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ተከፍሎ መጫወት አይፈቀድም፤ ጋባዡ አስቀድሞ እዚያው አገር አቤቱታ አስገብቶ ማስፈቀድ አለበት፣ ይህም ወራት ይፈጃል። ግብዣችሁ ከአሜሪካ ከሆነ «አቤቱታውን የሚያስገባልን ማን ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አንድ እርምጃ አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ግብዣውን መርምሩ

የጋበዘ ፌስቲቫል ይከፍላል፤ ባይከፍል እንኳ ጉዞና ማረፊያ ይችላል። «ለደብዳቤ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ላኩ» የሚል ግብዣ ከመጣ ተዉት።

ሀ. የኢሜይሉ አድራሻ የፌስቲቫሉ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ከነፃ ኢሜይል የመጣ ከሆነ ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ራሳችሁ ደውሉ። ኢሜይሉ ውስጥ በተሰጣችሁ ስልክ መደወል ማረጋገጫ አይሆንም።

ለ. ያለፉትን ዓመታት ፕሮግራም ፈልጉ። ስማቸውን የምታውቋቸው፣ ቀድመው እዚያ የተጫወቱ ሙዚቀኞች ካሉ ጠይቋቸው።

ሐ. የቪዛ ወረቀት የሚያዘጋጅላችሁን ሰው ስም ጠይቁ። ትልልቅ ፌስቲቫሎች ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አላቸው። ፕሮግራም መራጩ የሚያውቀው ሙዚቃችሁን እንጂ የኤምባሲን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ስለ ወረቀት የምትጻጻፉት ከሠራተኛው ጋር ብቻ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ከመድረኩ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ሕጉ ለውሳኔ የሚሰጠው መደበኛ ጊዜ 15 ቀን ነው። ለእኛ ግን ይህ አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። በዚያው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል፣ ለአንዳንድ አመልካቾች ይታለፉ የነበሩ ማስረጃዎችም አይታለፉም። ፌስቲቫሉ ይህን ላያውቅ ይችላል። ከኬንያ ወይም ከማሊ ባንድ ጋር የሠራበትን የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ይጠብቃችኋልና በመጀመሪያው ሳምንት ንገሩት። ውሳኔው በምታመለክቱበት ወቅት እንዴት እየተሠራበት እንደሆነም ኤምባሲውን ጠይቁ።

መድረካችሁ ሰኔ 27 (በእነሱ ጁላይ 4) ነው እንበል። አካሄዱ እንዲህ ይሁን፦

ጥር፦ ግብዣና ረቂቅ ውል፣ የሁሉም ሰው ፓስፖርት ምርመራ።
የካቲት፦ የተፈረመ ውል፣ በፓስፖርት ስም የተጻፈ የግብዣ ደብዳቤ።
መጋቢት፦ የቪዛ ቀጠሮ መያዝ፣ የማስረጃ ትርጉም።
ሚያዝያ 1 አካባቢ፦ ማመልከቻ ማስገባት።
ግንቦት 16 አካባቢ፦ 45 ቀኑ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ይቀራችኋል፤ ሌላ ሙሉ 45 ቀን ባይሞላም ይህ ትርፍ ጊዜ ቪዛ ለተከለከለ አባል ሁለተኛ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ግንቦትና ሰኔ የተማሪውም፣ የቤተሰብ ጠያቂውም ወረፋ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ግብዣው በሚያዝያ ከመጣላችሁ ደስታችሁን ያዝ አድርጋችሁ መጀመሪያ ቀጠሮ መኖሩን እዩ። ከሌለ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያዛውሩላችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። በሰኔ መጨረሻ «መምጣት አልቻልንም» ብሎ ከመጻፍ በብዙ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ማን እንደሚሄድ ቁረጡ፣ ስሞቹን አስተካክሉ

የሰዎቹን ዝርዝር አንዴ ቁረጡና አትነካኩት። ፌስቲቫሉ ደብዳቤውን፣ ሆቴሉንና ኢንሹራንሱን የሚያዘጋጀው በዚሁ ዝርዝር ነው። አንድ ስም ሲቀየር ሁሉም እንደገና ይጻፋል።

ፓስፖርቶቹን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና አንድ በአንድ እዩ፦

• ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ ጊዜ አለው?
• ከተሰጠ 10 ዓመት አልሞላውም?
• ሁለት ባዶ ገጾች አሉት?

አንዱ የጎደለው ሰው ያንኑ ሳምንት እድሳት ይጀምር።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ፌስቲቫሉ የሚያውቃችሁ በመድረክ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ደግሞ ቅጽ የሚሞላው የውጭ ሰው የአባትን ስም አንዴ በመካከል፣ አንዴ በመጨረሻ ያደርገዋል፣ ወይም የአያትን ስም ይተዋል። ደብዳቤው ላይ «ጋሽ እገሌ»፣ ቲኬቱ ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም ከሆነ ለቆንስላው ሦስት ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ቅጂ ላኩና «በዚህ ፊደል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉልን፤ የመድረክ ስሙን ከጎኑ ጨምሩ» በሏቸው። ደብዳቤው ሲመጣ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ መልሳችሁ አሳርሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ባንዱ ሊሄድ ነው ሲባል «ይህን ልጅ ከበሮ መቺ ብላችሁ አስገቡልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ገንዘብ የያዘ ደላላም ሊሆን ይችላል። እንቢ በሉ። ቆንስላው የቪድዮ ማስረጃ ሊጠይቅ፣ ሰውየውን ለብቻው ጠርቶም ሊያናግር ይችላል። ሐሰት ሲገኝ ጉዳቱ ለመላው ባንድ ይተርፋል፤ የማመልከቻው መረጃ በጋራ ቋታቸው ውስጥ 5 ዓመት ይቆያል።

ሌላም በግልጽ መነጋገር ያለባችሁ ነገር አለ። እዚያው ለመቅረት ያሰበ ሰው በመካከላችሁ ካለ የሚመለሱት ዋጋውን ይከፍላሉ፤ የጋበዘው ፌስቲቫልም ቀጥሎ የኢትዮጵያ ባንድ ለመጥራት ይፈራል። የማንንም ኑሮ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ግን ይህ ንግግር አዲስ አበባ ላይ፣ ስም ዝርዝሩ ከመሄዱ በፊት ይደረግ።

ደረጃ 4፦ የግብዣ ደብዳቤውና ውሉ

ደብዳቤው «በደስታ ጋብዘናችኋል» ብሎ ቢያበቃ አይጠቅምም። እነዚህ ሁሉ ይኑሩበት፦

1. የፌስቲቫሉ ሕጋዊ ስም፣ አድራሻ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት።
2. የእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚጫወተው መሣሪያ።
3. የመድረኩ ቀንና ቦታ፤ የመግቢያና የመውጫ ቀን።
4. ጉዞ፣ ማረፊያ፣ ምግብና ኢንሹራንስ ማን እንደሚችል።
5. የክፍያው መጠን።
6. በዚያ አገር ሕግ ይህ ሥራ የሥራ ፈቃድ ይጠይቅ ወይም አይጠይቅ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ስድስተኛውን ሰው ይረሳዋል። የአጭር ጊዜ ቪዛ በራሱ የመሥራት መብት አይሰጥም፤ ጉዳዩን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። ለምሳሌ ፈረንሳይ ለባህልና ኪነ ጥበብ ዝግጅት ከ3 ወር ላልበለጠ ቆይታ የሥራ ፈቃድ አትጠይቅም፤ ቪዛው ግን ያስፈልጋል። የእናንተን አገር ሁኔታ ፌስቲቫሉ አጣርቶ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ውሉ ላይ ደግሞ ስለ ገንዘብ ሁለት ነገር አስገቡ። አንደኛው ግብር ነው። ብዙ አገሮች ከውጭ አርቲስት ክፍያ ላይ ግብር ከምንጩ ይቆርጣሉ። ጀርመን 15 በመቶ ትቆርጣለች፤ «የአብሮነት ጭማሪ» የሚባለው ተጨማሪ ግብር ሲታከልበት 15.825 በመቶ ይሆናል። ለአንድ ሰው በአንድ መድረክ እስከ 250 ዩሮ ድረስ ግን አይቆረጥም። እያንዳንዳቸው 600 ዩሮ የሚደርሳቸው አምስት ሰዎች በ3,000 ዩሮ ተዋውለው 474.75 ዩሮ ሊቀነስባቸው ይችላል። ስለዚህ «ከግብር በኋላ እጃችን የሚገባው ይህን ያህል» ተብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛው ነገር «ቪዛው ቢከለከልስ?» የሚለው ነው። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ በላዩ ይመጣል፣ ቢከለከልም አይመለስም። ለስድስት ሰው ብቻ 540 ዩሮ ነው። ማን እንደሚከፍለው፣ አንድ ሰው ቢቀር ውሉ እንደሚጸና፣ የቲኬት ኪሳራው የማን እንደሆነ ተጽፎ ይፈረም።

ደረጃ 5፦ መስመሩን በአንድ መግቢያ አስሉ

ቪዛችሁ አንዴ ብቻ የሚያስገባ እንደሚሆን ቆጥራችሁ ተነሡ። ከሸንገን አንዴ ከወጣችሁ ቀኑ ቢተርፍም ቪዛው አልቋል።

ሰኔ መጨረሻ ጀርመን ሩዶልሽታት፣ ከዚያ ለንደን አንድ ክለብ፣ በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት ፖርቱጋል ሲኔሽ የሚል መስመር ፖስተር ላይ ያምራል። በእኛ ቪዛ ግን ለንደን ላይ ይበጠሳል፤ ወደ ፖርቱጋል የሚመለስበት በር የለም። ለንደንን ወይ መጀመሪያ ላይ አድርጉት ወይ መጨረሻ ላይ፤ የብሪታንያን ቪዛም ለብቻው አመልክቱ። ሁለቱን ማመልከቻ በአንድ ጊዜ ማስኬድ እንዳትችሉ የሚያደርጋችሁ ፓስፖርቱ ነው፤ በአንዱ ኤምባሲ እጅ ሳለ ሌላው ጋ ማስገባት አይቻልም። ይህን ጊዜ በሰሌዳችሁ ላይ ጨምሩ።

የት እንደምታመለክቱ የሚወስነው የቀን ብዛት ነው፤ ብዙ ቀን የምትቆዩበት አገር ኤምባሲ። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር። «የእገሌ አገር ኤምባሲ ይቀላል» ብሎ መስመር ማጣመም ፋይሉን ያበላሻል፤ የመድረኮቹ ቀን ሲደመር እውነቱ ይታያል።

በበረራ ላይም አንድ ነገር አስተውሉ። ኖርዌይ የሚሄድ ባንድ ፍራንክፈርት ላይ ከቀየረ ድንበር የሚያልፈው ፍራንክፈርት ነው፤ ለዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍተት ያለው በረራ ይዘዙ በሏቸው። በለንደን በኩል መቀየር ደግሞ የብሪታንያ ማለፊያ ቪዛ ሊጠይቅ ስለሚችል ርካሽ ቢሆንም ተዉት።

ደረጃ 6፦ የቪዛውን ፋይል አዘጋጁ

እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፋይል አለው፤ «የባንዱ ፋይል» የሚባል የለም። ቆንስላው የሚፈልገው የሁለት ጥያቄ መልስ ነው፤ በእርግጥ ሙዚቀኛ ነህ ወይ? ትመለሳለህ ወይ?

ለመጀመሪያው፦ የመድረክ ቪድዮ አድራሻ፣ የቀድሞ ፖስተሮች፣ የጋዜጣ ጽሑፍ፣ የሲዲ ሽፋን፣ የማኅበር አባልነት መታወቂያ፣ ከምትሠሩበት ቤት ደብዳቤ። ቪድዮው የአመልካቹ ፊት የሚታይበት ይሁን። በባንዱ ቪድዮ ውስጥ ጥግ ላይ የቆመ ማሲንቆ ተጫዋች «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጽፎ ያስገባ።

ለሁለተኛው ነው ልፋቱ። የአዝማሪ ቤትና የባህል ምሽት ቤት ሙዚቀኛ ገቢው ሽልማት ነው፤ ባንክ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ያገኛችሁትን ወደ ራሳችሁ ሒሳብ አስገቡ። በማመልከቻው ዋዜማ ከዘመድ ተበድሮ የገባ 300 ሺህ ብር ከማሳመን ይልቅ ያስጠረጥራል። ቤቱ ንግድ ፈቃድ ካለው ቅጂውን፣ የሥራችሁን ጊዜና ክፍያ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከጉዞው በኋላ ሥራ የምትጀምሩበትን ቀን ያስገቡ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች ልደት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የምታስተምሩ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጨመር። የመንግሥት ቴአትር ቤት ተቀጣሪ የፈቃድ ደብዳቤ ያያይዝ። ከመስከረም በኋላ የተያዘ መድረክ ካለ የዚያ ውል ትልቅ ማስረጃ ነው።

በአማርኛ ያለውን ሁሉ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት አስተርጉሙ። ቀኖቹ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መለወጣቸውን ራሳችሁ እዩ፤ 2018 ዓ.ም. እንዳለ ተተርጉሞ ሲገባ ወረቀቱ የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል።

የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ቀን ሁሉ የሚይዝ ይሁን።

ቲኬቱን ቪዛ ሳይመጣ አትክፈሉ። የተያዘ ቦታ የሚያሳይ ወረቀት ለማመልከቻው ይበቃል።

ደረጃ 7፦ በቀጠሮው ቀን

አሻራ ስለሚሰጥ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይሄዳል። ባለፉት 59 ወራት ውስጥ ለሸንገን አሻራ የሰጠ ሰው ብቻ ያንኑ ሊጠቀሙለት ይችላሉ።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ተቀመጡና አንዳችሁ ሌላውን ጠይቁ፦ የፌስቲቫሉ ስም ማን ነው? ከተማው የት ነው? መቼ ትጫወታላችሁ? ማን ይከፍላል? የት ታድራላችሁ? መቼ ትመለሳላችሁ? ተመልሰህ ምን ትሠራለህ? አስተዳዳሪው ሁሉን ያውቃል፣ ተጫዋቾቹ ግን «ማናጀሬን ጠይቁት» ይላሉ። እንዲህ ያለ መልስ የተሟላ ፋይልን ይጥላል። አሸምድዱ ማለቴ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ውሉን አንብቦ ይረዳው። ማንበብ ለማይችሉ የባንዱ አባቶችና እናቶች በሚገባቸው ቋንቋ አንብባችሁ አስረዷቸው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በአማርኛ መልሶ ማስተርጎም ይችላል።

ደረጃ 8፦ መልሱ ሲመጣ

ቪዛ ከተሰጠ፦ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስሙን፣ የፓስፖርት ቁጥሩን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ፣ የመግቢያውን ብዛትና የቀኑን ቁጥር አንብቡ። ቪዛው ከመጨረሻው መድረክ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ወዲያውኑ አስታውቁ፤ በኋላ የሚሰማ የለም።

ከተከለከለ፦ የሚሰጣችሁ ቅጽ ላይ ምክንያቱ ምልክት ተደርጎበታል። እሱን ለፌስቲቫሉ በዚያው ቀን ላኩ። «የጉዞው ዓላማ አልተረጋገጠም» ከሆነ ከፌስቲቫሉ የተብራራ ደብዳቤና ውል ተጨምሮ እንደገና ማመልከት ይቻላል። «ትመለሳለህ ብለን አናምንም» ከሆነ አዲስ ማስረጃ ሳይዙ እንደገና ማመልከት 90 ዩሮ መጣል ነው። ይግባኝ መብታችሁ ነው፤ ቀነ ገደቡ ቅጹ ላይ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ ከፌስቲቫሉ ቀን በኋላ ይደርሳል።

ከስድስቱ አንዱ ሲከለከልስ? ለዚህ ከመጋቢት ጀምሮ ተዘጋጁ። ሙዚቃውን በአምስትም በአራትም ሰው ተለማመዱ። ከአዲስ አበባ ተተኪ ማግኘት አይቻልም፤ አዲስ ቪዛ ሌላ 45 ቀን ነው። ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም ወይም ሮም የሚኖር፣ ዘፈኖቹን የሚያውቅ የአገር ልጅ ግን በባቡር ይደርሳል። ስሙንና ስልኩን አስቀድማችሁ ያዙ፣ የልምምዱን ቅጂ ላኩለት፣ ክፍያውንም ተነጋገሩ።

ደረጃ 9፦ መሣሪያውን ለጉዞ አዘጋጁ

ክራር፦ ክሩን አላሉት እንጂ አትፍቱት፤ በልብስ ጠቅልላችሁ እጅ ላይ ያዙት። ለእጅ ሻንጣ በብዛት የሚፈቀደው 7 ኪሎና 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ክራሩ ከዚህ ከረዘመ ከአየር መንገዱ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁና አትማችሁ ያዙ። መግቢያው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ በቃል የተነገራችሁን አያውቅም።

ማሲንቆ፦ ደጋኑን ለይታችሁ በጠንካራ ቱቦ አስገቡ። ትርፍ የፈረስ ጭራና ሙጫ ያዙ፤ እዚያ የሚገዛ የለም።

በገና፦ እጅ ላይ አይያዝም። ወይ ተጨማሪ መቀመጫ ይገዛለት፣ ወይ በልኩ የጣውላ ሣጥን ይሠራለት። የዕቃ ክፍል መደበኛ ልክ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ተጨማሪ ይከፈላል። ያረጀ በገና ወይም የጥንት ነገር የሚመስል መሣሪያ ካላችሁ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አውጡ። ቦሌ ላይ ሌሊት ይህን የሚያስረዳላችሁ አይገኝም።

ከበሮ፦ ቆዳው በደንብ የደረቀና የጸዳ ይሁን። ጥሬ ቆዳ የሚሸት ወይም ጸጉር ያለው ከበሮ የእንስሳት ቁጥጥር ጥያቄ ያስነሣል። ከባድ ከሆነ እዚያ ካለ የሐበሻ ማኅበረሰብ መዋስ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ የሁሉንም መሣሪያና ኤሌክትሮኒክስ ዝርዝር ከመለያ ቁጥሩና ከፎቶው ጋር አዘጋጁና ስትወጡ ለጉምሩክ አስመዝግቡ። ስትመለሱ ኪቦርዱ «አዲስ ገዝታችሁ ነው» ተብሎ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት የሚያድናችሁ ይህ ወረቀት ነው።

መሣሪያው ቢሰበር ወይም ባይደርስ፦ ከሻንጣ መቀበያው ሳትወጡ የአየር መንገዱ መስኮት ላይ አስመዝግቡና ቁጥር ተቀበሉ። ፎቶ አንሡ። ለተሰበረ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ዕቃው እጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ካለፈ መብቱ ይቀራል።

ደረጃ 10፦ የመድረክ ወረቀቱን ቀድማችሁ ላኩ

የፌስቲቫሉ የድምፅ ባለሙያ ማሲንቆ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ቴክኒክ ራይደሩ (ለመድረኩ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ የሚዘረዝረው ወረቀት) ላይ እያንዳንዱን መሣሪያ ከፎቶ ጋር አሳዩት፤ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ፣ ማይኩ የት እንደሚቀመጥ ጻፉ። ማሲንቆው ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ፣ ለክራሩ ፒካፕ (የተገጠመ ድምፅ መቀበያ) ካለው ዲአይ ቦክስ (ፒካፑን ከድምፅ ማደባለቂያው ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ ለዘፋኙና ለእስክስታ ተወዛዋዦቹ ስንት ሞኒተር (መድረክ ላይ ራሳችሁን የምትሰሙበት ድምፅ ማጉያ) እንደሚያስፈልግ፣ ለውዝዋዜው ስንት ሜትር ባዶ ቦታ እንደምትሹ ይገለጽ። ማን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ሥዕል ጨምሩ።

በምግቡ ክፍል ጾሙን አትርሱ። የሰኔው የሐዋርያት ጾምና የነሐሴው ፍልሰታ የፌስቲቫሉ ወቅት ላይ ይወድቃሉ። «ጾም ነን» ማለት አይገባቸውም፤ «ቪጋን» ብላችሁ የሰው ቁጥር ጻፉ። ሐላል የሚበላም ካለ እንዲሁ።

ሰዓቱን በሁለት መንገድ ጻፉ። 21:30 በእኛ ማታ 3:30 ነው። በሰመር ወራት የጀርመንና የፈረንሳይ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስልካችሁ በራሱ ካልቀየረ ትሳሳታላችሁ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው፤ ፕሮግራሙ «ቅዳሜ 00:30» ካለ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ይሁን ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 11፦ ሻንጣ፣ ቦሌ፣ ድንበር

ጫት አትያዙ። በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በስዊድን፣ በኔዘርላንድስና በብሪታንያ የተከለከለ ነው፤ ትንሽ ነው የሚባል የለም። ሥጋና የወተት ውጤትም ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ቋንጣውም፣ ንጥር ቅቤውም፣ አይቡም። እዚያ ያለ ዘመድ ቢለምናችሁም ይቅር። በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ ችግር የላቸውም። ይዘቱን ያላያችሁትን የሰው ዕቃ አትቀበሉ።

ወረቀቱን ሁሉ ታትሞ በእያንዳንዱ ሰው እጅ አድርጉ፤ ግብዣ፣ ውል፣ ሆቴል፣ የመመለሻ ቲኬት፣ ኢንሹራንስ፣ የተቀባዩ ሰው ስልክ። በአስተዳዳሪው ስልክ ውስጥ ያለ ፋይል ሌላ መስኮት ላይ ለቆመው ዋሽንት ነፊ አይጠቅመውም።

አውሮፓ ድንበር ላይ ፎቶ ይወሰዳል፣ አሻራችሁም ለቪዛው ከሰጣችሁት ጋር ይመሳከራል፤ መግቢያና መውጫችሁም በኮምፒዩተር ይመዘገባል። «ለምን መጣህ?» ሲባል መልሱ «በዚህ ፌስቲቫል ልጫወት» ነው። «ለጉብኝት» የሚል ሰው ቪዛው ከተሰጠበት ምክንያት ጋር ተጋጨ ማለት ነው። መኮንኑ አንዱን ወደ ጎን ቢወስደው ሌሎቻችሁ አትሂዱ፤ ለተቀባያችሁ ደውሉና ከመኮንኑ ጋር አገናኙት።

ደረጃ 12፦ የመድረኩ ቀን

ፌስቲቫል ላይ ሙሉ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) አትጠብቁ። በሁለት ባንዶች መካከል ያለው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማይኮቹ መሥራታቸው ብቻ ይታያል። ስለዚህ፦

1. መሣሪያውን ከሁለት ሰዓት በፊት ከመያዣው አውጡና መድረኩ አጠገብ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡ። እርጥበት ያገኘ ቆዳ ይላላል፤ ከበሮው ይደነቁራል፣ ክራሩና ማሲንቆው ይወርዳሉ። ከበሮውን በጸጉር ማድረቂያ ከርቀት ማሞቅ ይረዳል፤ ማድረቂያውን ራይደሩ ላይ ጠይቁ።
2. ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ክራር ቃኝታችሁ ያዙ። የ45 ደቂቃ መድረክ ላይ በየዘፈኑ መሐል ክራር መቃኘት ሕዝቡን ይበትናል። አንድ ብቻ ካለ ዘፈኖቹን በቅኝት ሰብስቡና በለውጡ መሐል ዋሽንት ወይም ከበሮ ብቻውን ይጫወት።
3. የዘፈኖቹን ዝርዝር ለድምፅ ባለሙያው ስጡ፤ ማን ሶሎ እንደሚጫወት ምልክት አድርጉበት።
4. ሰዓት የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ጊዜያችሁ ሲያልቅ ድምፁ ይዘጋል፤ ምርጡን ዘፈን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ባንድ ያን ጊዜ ያጣዋል።

ሞኒተሩ ቢጠፋ፣ ማይክ ቢቋረጥ፦ አትቁሙ። ከበሮና ጭብጨባ ይቀጥል፣ አንድ ሰው ብቻ ለባለሙያው በእጁ ያመልክት።

ደረጃ 13፦ ክፍያና መመለስ

ክፍያው በባንክ ከሆነ የሒሳቡን ስምና የባንኩን ዓለም አቀፍ መለያ ከጉዞው በፊት ላኩ። በጥሬው ከሆነ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ፈርሙ፣ የግብር ተቆራጩን ማረጋገጫ ጠይቁ። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ ከአውሮፓ ኅብረት የሚወጣ ሰው ማስመዝገብ አለበት። ቦሌም ስትደርሱ ለጉምሩክ አሳውቁ።

የዘፈኖች ዝርዝር ቅጽ ከተሰጣችሁ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም አሟልታችሁ ሙሉ፤ የሕዝብ ዜማ ከሆነ እንደዚያው ይጻፍ።

ስትመለሱ የመሳፈሪያ ወረቀቶቹን አትጣሉ። ከፌስቲቫሉ «በዚህ ቀን ተጫውተው በዚህ ቀን ተመልሰዋል» የሚል ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ ጠይቁ። ይህን የምትጠይቁት ትዝታው ሳይቀዘቅዝ፣ በተመለሳችሁበት ሳምንት ነው፤ በመስከረም የፌስቲቫሉ ጊዜያዊ ሠራተኞች ተበትነው ይሆናል። ደብዳቤውን፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የቪዛውን ገጽ ቅጂ በየሰዉ ፋይል አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ማመልከቻ የሚጀምረው ከዚያ ነው።